«ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ አትመኑት

ለአያቶቻችን የምንደውለው ስልክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» «ደህና ነኝ ልጄ፣ ክብሩ ይስፋ። እናንተስ?» «ደህና ነን። ጤናዎትስ?» «ተመስገን።» «በሉ እሺ፣ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ።» አለቀ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን ዘግተን ወደ ቲክቶካችን እንመለሳለን። ሕሊናችንም «ጠይቄያቸዋለሁ» ብሎ ይተኛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር አንድ አረጋዊ «ደህና ነኝ» ሲል ስለ ኑሮው እየነገረን ላይሆን ይችላል። ፈጣሪውን እያመሰገነ ሊሆን ይችላል። ልጁን ላለማስጨነቅ እየተጠነቀቀ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ አጠገቡ የቆመ ሰው እየሰማው ይሆናል። ሦስቱም በስልክ ሲሰሙ አንድ ናቸው።

ሰኔ 8 በአረጋውያን ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ግንዛቤ የሚፈጠርበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለቀኑ እውቅና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ስድስት ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት ማኅበረሰብ አንድ ዓይነት ጥቃት ይደርስበታል። ድርጅቱ ጥቃት የሚለው ዱላን ብቻ አይደለም። አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ወሲባዊ ጥቃት፣ የገንዘብና የንብረት ብዝበዛ፣ እንዲሁም ቸልተኝነት ሁሉም ጥቃት ናቸው። ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ጥቃቱ የሚደርሰው እምነት በተጣለበት ግንኙነት ውስጥ ነው። ማለትም ከመንገድ የመጣ ሌባ ሳይሆን ቁልፉን የያዘ ሰው ነው።

ስንቱስ ይታወቃል? በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ለሚመለከታቸው አካላት ከደረሰ ከአንድ ጉዳይ ጀርባ 24 ያህል ያልደረሱ ጉዳዮች እንዳሉ ገምቷል። ያ እንግዲህ ለአረጋውያን ጥበቃ ተብሎ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ባለበት ግዛት ነው።

«እኛ አገር እኮ ሽማግሌ ይከበራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ እንለቃለን፣ ጉልበት እንስማለን፣ ምርቃት እንቀበላለን። ግን ይኼ ሁሉ ሰው ፊት ነው። በር ከተዘጋ በኋላ ያለው «ገበና» ይባላል። ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም። ልጄ መታኝ ብሎ መናገር ለአንዲት እናት ከምቱ በላይ የሚያም ውርደት ነው። ስለዚህ ዝም ትላለች፣ እኛም ዝምታዋን ሰላም ነው ብለን እንወስደዋለን።

ዓይኑ ሄደ፣ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገባ

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለምን የኛ የወጣቶቹ ጉዳይ ሆነ? ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለተቀየሩ ነው።

አንደኛው የጎረቤት ዓይን ነው። በድሮው ሰፈር አንዲት አሮጊት ሁለት ቀን ከደጅ ከጠፉ ሰው ያንኳኳል። ቡና ይጠራሉ፣ እድር ይጠብቃቸዋል፣ ማኅበርተኞቹ «ምነው ቀሩ?» ይላሉ። ማንም «የጥቃት ክትትል» ብሎ ባይጠራውም ሥራው እሱ ነበር። በ2016 እና በ2017 ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ወደተለያየ አቅጣጫ ሲዛወሩ የተበተነው ቤት ብቻ አይደለም፣ ያ ዓይንም ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጉልበታቸው ደረጃ የማይወርድላቸው ሰው ቢጠፉ ማን ያያል? የፎቅ ጎረቤት የብረት በሩን ቆልፎ ሥራ ሄዷል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ ባንኩም፣ ሐዋላውም፣ የመብራት ክፍያውም ስልክ ውስጥ ነው። ለእኛ ቀላል ሆነልን። አንቀጽ ማንበብ ለሚቸግራቸው፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ግን ገንዘባቸው ከመቀነታቸው ወጥቶ እኛ እጅ ውስጥ ገባ። የምስጢር ቁጥሩን የምናውቀው እኛ ነን። የሚመጣውን የጽሑፍ መልእክት የምናነበው እኛ ነን። ካነበብነው።

ስለ ሌላ ሰው ከማውራቴ በፊት ስለራሴ ልናገር። የአያቴን የባንክ አገልግሎት በስልካቸው ላይ ያስጀመርኩላቸው እኔ ነኝ። የሟች አያቴ ጡረታ በየወሩ ይገባላቸዋል። ቁጥሩንም የመረጥኩት እኔው ነኝ፣ የተወለድኩበት ዓመት ነው። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ሊያገባ ነው፣ የሚዜ ልብስ ማሰፊያ ጎደለኝና 800 ብር ወደ ራሴ አስተላለፍኩ። ስርቆት ነው ብዬ አላሰብኩም፣ ደመወዝ ሲወጣ እመልሳለሁ አልኩ። 300 መለስኩ። የቀረውን ረሳሁት።

በሚቀጥለው ወር አያቴ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ጡረታው ቀነሰ እንዴ?» እኔም ሳልዘጋጅበት «የሆነ ነገር ቆርጠውበት ይሆናል እማማ፣ ሲስተሙ ነው» አልኳቸው። «እሺ፣ ተመስገን» አሉኝ። በቃ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። የዚህን መጨረሻ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ምን እንይ?

ከታች ያሉት ምልክቶች ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም። አንዱ ብቻውን ምንም ላያረጋግጥ ይችላል። ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ለእሳቸው የሚመልስ ሰው። እርስዎን ነው የጠየቅኩት እያላችሁ ሌላ ሰው ይመልሳል። ወይም እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት የአንድን ሰው ፊት ያያሉ። ስልክ ስትደውሉ ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። በቪዲዮ ስትደውሉ ስልኩን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ፣ ካሜራው ከፊታቸው ውጪ ክፍሉን ማሳየት የማይወድ መሆኑን ልብ በሉ። ለእኔ የመጀመሪያው ምልክት ቁስል ሳይሆን ይኼ ነው፦ የአንድ ሰው ድምፅ ሲጠፋ።

ከሰው መሐል መጥፋት። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የማይቀሩ ሰው ቀሩ። ከእድር ቀሩ፣ ለለቅሶ አልመጡም። ለመጠየቅ ስትሄዱ ሁሌም «ተኝተዋል»፣ «ዛሬ አይመችም» ትባላላችሁ። ስልካቸው «ተበላሸ» ተብሎ ወራት አለፈው። በር ከውጭ ተቆልፎባቸው የሚውሉም አሉ።

ገላቸው ላይ የሚታይ ነገር። በሁለቱም ክንዶች ላይ እኩል የሆነ ብልዝ ሰው አጥብቆ ይዞ ሲያናውጥ ሊመጣ ይችላል። በእጅ አንጓ ላይ የመታሰር የሚመስል ምልክት፣ አዲስና አሮጌ ብልዝ አብሮ መታየት፣ «ወደቁ» የሚለው ምክንያት ከጉዳቱ ጋር አለመገጣጠም፣ ሐኪም ቤት ዘግይቶ መውሰድ፣ በየጊዜው ክሊኒክ መቀያየር ሁሉ ይጠረጠራሉ። እርግጥ ነው፣ በዕድሜ ቆዳ ይሳሳል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በትንሹ ይበልዛል። ስለዚህ ወዲያው ጣት ከመቀሰር ሐኪም እንዲያያቸው ማድረግ ይቀድማል።

ችላ መባል። ያለ በሽታ መክሳት፣ የረዘመ ጥፍር፣ ያልተቀየረ ልብስ፣ የሽንት ሽታ። ብዙ በተኙበት በኩል፣ በዳሌና በጀርባ ላይ የሚወጣ የመኝታ ቁስል። የተሰበረ መነጽር ሳይጠገን መቆየት። እና መድኃኒት። እዚህ ላይ ነው የኔ ታሪክ የሚመለሰው። ለአያቴ የታዘዘው የደም ግፊት መድኃኒት በወር ማለቅ ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ስሄድ ወሩ አልፎ ግማሹ አለ። «ረሱት እንዴ?» አልኩ። «አይ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው። ጡረታው ቀንሷል አላልከኝም?» አሉኝ። ያንን ውሸት የተናገርኩት በአንድ ትንፋሽ ነበር። እሳቸው አምነውት መድኃኒት ቆጠቡበት።

ስለዚህ «ትንሽ ብር ነው» የምንለውን ነገር እንደገና እንየው። የገንዘብ ጥቃት ገንዘብ ላይ አያበቃም። በምግብ በኩል፣ በመድኃኒት በኩል ወደ ገላ ይገባል።

ገንዘብና ወረቀት። ጡረታ ወጥቶ ሳለ ቤት ውስጥ የሚበላ መጥፋት። ውጭ ያለው ልጅ ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን በየወሩ ይልካል፣ እናቱ ግን ነጠላ መግዣ የላትም። ይኼ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። የሚልክ አንድ ነው፣ የሚቀበል ሌላ ነው፣ የተላከላት ሦስተኛ ናት። ከዚህ ሌላ ድንገት የተሰጠ ውክልና፣ ማንም ሳያውቅ የተቀየረ ኑዛዜ፣ «እዚህ ጋ ጣትዎን ያድርጉ» ተብሎ ያልተነበበ ወረቀት፣ በቅርብ የመጣ «ዘመድ» ቤቱን በስጦታ መውሰዱ ሁሉ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። «ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» የሚባለው ተረት ስለ ሞኝ ልጅ ነው ብለን እንስቃለን። አሁን አሁን ልጁ ሞኝ አይደለም፣ የምስጢር ቁጥሩን ያውቃል።

ንግግር። «ሸክም ሆንኩባቸው»፣ «ሞት ረሳኝ»፣ «ምን አስቀርቶኝ ነው» የሚሉ አባባሎች የእርጅና ወግ ተደርገው ይታለፋሉ። ሲደጋገሙ ግን ሰው እንደዚያ ብሏቸው ይሆናል። የሚንከባከባቸው ሰው በእናንተ ፊት ከጮኸባቸው፣ እንደ ሕፃን ከተቆጣቸው፣ «አውጥቼ ነው የምጥልዎት» ብሎ ከቀለደባቸው፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ምን እንደሚል ገምቱ።

ስለማይወራው ደግሞ ላንሳ። «አሮጊት ማን ይነካል?» የሚለው አስተሳሰብ ወሲባዊ ጥቃትን ከሁሉ የበለጠ ይደብቀዋል። ምክንያቱ የማይታወቅ የውስጥ ልብስ ላይ ደም፣ ሲቀመጡ ወይም ሲራመዱ ሕመም፣ አንድ የተወሰነ ሰው ሲያጥባቸው ወይም ልብስ ሲቀይርላቸው መንቀጥቀጥ ከታየ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ የመርሳት በሽታ። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ያስቀመጡትን ረስተው «ሰረቀችኝ» ሊሉ ይችላሉ፣ ያልሠራች የቤት ሠራተኛም ልትከሰስ ትችላለች። ግን ይኼንኑ ምክንያት አድርገን «ያረጁ ናቸው፣ የሚሉትን አያውቁም» ካልን ደግሞ በዳዩን ነፃ አወጣነው። የሚረሱ ሰዎች ለጥቃት የበለጠ የተጋለጡ ናቸው፣ ማንም አያምናቸውማ። ስለዚህ አትክሰሱም፣ አትናቁትም። አጣሩ።

ሁለተኛ፣ አስታማሚዋ። ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ምራት ናት። ሌሎቹ ወንድምና እህቶች «እሷ አለች» ብለው ሄደዋል። ሌሊት ተነስታ ታገላብጣለች፣ ቀን ሥራ ትውላለች፣ ለራሷ የሚጠይቃት የለም። ድካም ዱላን ትክክል አያደርገውም። ግን ከዱላው በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ማንም ካልረዳት፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ማለት ለእኛ ይመቸናል እንጂ እውነት አይሆንም። በወር ሁለት ቅዳሜ ተክታችኋት ብታውሉ ከምክር ይበልጣል።

ምልክት ካየንስ?

ለብቻቸው አግኟቸው። ፀሐይ ልናሙቃቸው ብላችሁም ቢሆን ከቤት አውጧቸው። «ደህና ነዎት?» አትበሉ፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። «ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»፣ «ገንዘብዎን ማን ነው የሚይዝልዎት?»፣ «ቤት ውስጥ ሲመጣ የሚከብድዎት ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታውን እነሱ ይሙሉት።

ተጠርጣሪውን እሳቸው ፊት አታፋጡ። እናንተ ተናግራችሁ ትወጣላችሁ፣ እሳቸው ግን እዚያው ቤት ያድራሉ።

ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሰው ያዝንላቸዋል፣ ላይክ ይመጣል፣ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የሸፈኑት ገበና በአንድ ቀን ገበያ ወጣ። ጉዳቱን በፈቃዳቸው ፎቶ አንስታችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ማስረጃ የሚሆነው ለፖሊስና ለሐኪም ነው።

አደጋው አሁን ከሆነ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አስቸኳይ ካልሆነ የወረዳው የሴቶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የአረጋውያን ማኅበራት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሉ። የሚያምኗቸው የነፍስ አባት ወይም ሼህ፣ የእድር ዳኛም መጀመሪያ የሚሰሙ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሽምግልና ግን ቦታ አለው። ማን ያስታምም፣ ማን ስንት ያዋጣ የሚለውን ሽማግሌ ይፈታዋል። ሲደበደቡ የኖሩ ሰውን «ይቅር በሉት» ብሎ ወደዚያው ክፍል መመለስ ግን እርቅ አይባልም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሲሆን ኢትዮጵያም ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሠርተው ራሳቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ችግረኛ ወላጆችን መቀለብ የልጆች ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ማለትም ለእናት ቀለብ መስጠት ጽድቅ ብቻ አይደለም፣ በፍርድ ቤትም የሚጠየቅ ነው።

ወረቀትን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ንገሯቸው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ኑዛዜም እንዲሁ ነው፣ «አልሽረውም» ብለው ቃል ቢገቡ እንኳ መብቱ አብሯቸው ይኖራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ዝም ብሎ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ነው የሚሰጠው፣ ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ለይቶ የሰጠ ቃል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እኛ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

ስልኩን ደግሞ እኛው እናስተካክል። የምስጢር ቁጥሩን እሳቸው ይምረጡ። ብር ሲገባና ሲወጣ የመጣውን መልእክት አንብቡላቸው፣ ቀሪውን በወረቀት ጻፉላቸው። ከቤተሰብ አንድ ሌላ ሰው በየወሩ ይየው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ከቻላችሁ በስማቸው በተከፈተ ሒሳብ ላኩ፣ ደርሶ እንደሆነም ራሳቸውን ጠይቁ።

እኔ 500 ብሩን መለስኩ። መመለሱ ቀላል ነበር፣ መናገሩ ነው የከበደኝ። አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈሉ ሳለ «እማማ፣ ጡረታው አልቀነሰም ነበር፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኳቸው። ጀበናውን ከእሳቱ አወረዱና ዝም አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ ያሉኝ ግን «ለእናትህ እንዳትነግራት» ነው።

የሰረቅኳቸው እኔ፣ ገበናዬን የሸፈኑልኝ እሳቸው። በየቤቱ ያለው ዝምታም እንዲሁ የተሠራ ይመስለኛል። ስለዚህ ለእናቴ ነገርኳት። አሁን የአያቴን ሒሳብ በየወሩ መጨረሻ የምታየው እሷ ናት፣ ቁጥሩንም ቀይረነዋል። አዲሱን አላውቀውም።

ዛሬ ማታ ለአያታችሁ ደውሉ። «ደህና ነኝ» ሲሉ አትዝጉት። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ጠይቁ።